መንግሥት ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማነሣው አገሮች በነባር ሕዝቦቻቸው ላይ ለፈጸሙት የቆየ በደል ይቅርታ ሊጠይቁ ይገባል ወይ የሚለውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መልሴን ላስቀድም፤ አዎ፣ ይገባቸዋል። ግን ክርክሩ "ይጠየቅ" "አይጠየቅ" ላይ ስለሚቀር ዋናው ነገር ይድበሰበሳል። እኔን የሚያሳስበኝ በይቅርታው ውስጥ ምን እንደተጻፈ፣ ማን እንዳነበበው፣ ከኋላውም ምን እንደተከተለ ነው።

አሜሪካን እንይ። አሜሪካ ለነባር ሕዝቦቿ በሕግ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ይህን የማያውቅ አሜሪካዊ ቢገጥማችሁ ግን አይግረማችሁ። ይቅርታው የሚገኘው በ2010 የመከላከያ በጀት ሕግ፣ አንቀጽ 8113 ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ ዲሴምበር 19 ቀን 2009 ሲፈርሙበት ይቅርታውን የሚያሰማ ሥነ ሥርዓት አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ሜይ ላይ ሴናተር ሳም ብራውንባክ ዋሽንግተን ባለ መካነ መቃብር ለጥቂት የነገድ መሪዎች አነበቡት። ጽሑፉን ቀስ ብላችሁ ካያችሁት የፌዴራል መንግሥቱ ቃል ኪዳን ማፍረሱን ያነሣል። ይቅርታ የሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ግን በዳዮቹ "የአሜሪካ ዜጎች" ይሆናሉ፤ መንግሥቱ ከቦታው የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን ጠቅሶ አሜሪካን መክሰስ እንደማይቻል ተጽፏል።

የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሃዋይም ከዚህ የተሻለ አልገጠማትም። የ1893ቱ የሃዋይ ንግሥት ከዙፋን መወገድ በ1993 በወጣ ሕግ ይቅርታ ተጠይቆበታል። በ2009 የመሬት ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ያ ሕግ ምንም አዲስ መብት አልሰጠም አሉ።

የካናዳ የሕግ ኮሚሽን በ2000 ባወጣው ሪፖርት ሙሉ ይቅርታ ምን ምን እንደሚይዝ አስቀምጧል፦ ጥፋቱን ማመን፣ ኃላፊነቱን መውሰድ፣ መጸጸት፣ እንደማይደገም ማረጋገጥ፣ መካስ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው "ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ" ቢል "ካጠፋሁ አይባልም፣ አጥፍቻለሁ በል" ይባላል፤ ካሳውም እዚያው ይቆረጣል።

ካናዳ ራሷ ይህን የተማረችው እየተሳሳተች ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤቶቿ ወደ 150,000 የሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው አልፈዋል። በጃንዋሪ 1998 መንግሥት የዕርቅ መግለጫ አወጣ፤ ለተጎጂዎች ማገገሚያም 350 ሚሊዮን ዶላር መደበ። መግለጫውን ያነበቡት ግን አንዲት ሚኒስትር ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቦታው አልተገኙም። ስለዚህ አልጸናም። ጁን 11 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃርፐር ራሳቸው በፓርላማ ቆመው፣ ልጆቹን ከባህላቸው የመነጠሉ ፖሊሲ ራሱ ስህተት እንደነበር ተናገሩ። የነባር ሕዝቦቹ መሪዎች በአዳራሹ መካከል ተቀምጠው ሰሙ፣ እዚያው መልስ ሰጡ። ካሳውም ቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ በ2007 ሥራ ላይ በዋለው ስምምነት ለመጀመሪያው የትምህርት ዓመት 10,000፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 3,000 ዶላር።

ጉድለቱ ዝርዝሩ ላይ ታየ። የትምህርት ቤት መዝገብ በመጥፋቱ የተማሩባቸውን ዓመታት ማስረዳት ያቃታቸው አሉ። በቀን ትምህርት ቤቶች ከቤታቸው እየተመላለሱ የተማሩት በዚያ ካሳ አልተካተቱም፤ የእነርሱ ስምምነት እስከ 2019 ቆየ። የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ተማሪዎችም ትምህርት ቤቶቹን ያቋቋመው የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም ተብለው ተተዉ፤ ግዛቲቱ ካናዳን የተቀላቀለችው በ1949 ነውና።

ለእኔ ከሁሉ የተሻለው የኒውዚላንድ አካሄድ ነው። እዚያ ይቅርታው ከተበደለው የማኦሪ፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ጎሣ ጋር ቃል በቃል ተደራድረውበት ይጻፋል። ጎሣው መጀመሪያ ለተደራዳሪዎቹ ውክልና ይሰጣል፤ መንግሥትም ውክልናውን ይመረምራል። ብዙ ድርድር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ በንጋፑሂ ጎሣ እንደታየው ንዑሳን ጎሣዎች "እናንተ እኛን አትወክሉም" ካሉ ሁሉም ነገር ለዓመታት ይቆማል። ውክልናው ከጸና ሁለቱ ወገኖች የተፈጸመውን ታሪክ አብረው ይጽፋሉ፤ ጥፋቱን ማመኑና ይቅርታው ከዚህ ታሪክ ይወጣል። መሬት፣ ገንዘብና የተቀደሱ ቦታዎች ጉዳይ ይከተላል። ስምምነቱን የጎሣው አባላት በድምፅ ካጸደቁት ሕግ ሆኖ ይወጣል።

ዋይካቶ ከተባለው የማኦሪ ጎሣ ጋር የተደረሰውን ስምምነት ያጸደቀውን ሕግ ተመልከቱ። የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥቱ፣ ጦር በጁላይ 1863 የማንጋታዊሪን ወንዝ መሻገሩ በደል እንደነበር፣ ዋይካቶን "አመፀኛ" ብሎ መፈረጁም አግባብ እንዳልነበር በስም ጠርቶ ያምናል። ከዚያ ጦርነት በኋላ 1.2 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ተወርሷል። የጎሣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነበር፦ መሬት ስለተወሰደ መሬት ይመለስ። በሜይ 1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ጂም ቦልጀርና የማኦሪ ንግሥት ቴ አታይራንጊካሁ ስምምነቱን ፈረሙ፤ መሬቱን ጨምሮ 170 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር የሚገመት። በኖቬምበር ንግሥት ኤልሳቤጥ ዌሊንግተን ላይ በገዛ እጃቸው ሕጉን ፈረሙ። ከተወረሰው አንጻር ካሳው ጥቂት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

"የዛሬ ሰው አያቶቹ ስላደረጉት ምን አገባው?" ለሚሉም መልሱ እዚሁ አለ። ይቅርታ የጠየቀው ዘውዱ ነው፤ ያን መሬት የወረሰው ያው ዘውድ ነው፤ በውርሱ ላይ የተሰጡት የባለቤትነት ሰነዶችም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። ግለሰቡ ቢሞትም መንግሥት ውሉንና ዕዳውን ይዞ ይቀጥላል።

በደሉ ሳይቆም ስለሚጠየቅ ይቅርታ በኖርዌይ ፎሰን በተባለ አካባቢ የሆነውን ላንሣ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2021 የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት የሳሚ አጋዘን አርቢዎች ግጦሽ ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መብታቸውን ይጥሳሉ ብሎ ፈረደ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በማርች 2023 ነው፤ ያውም ወጣት ሳሚዎች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ከዘጉ በኋላ። ማመንጫዎቹ ግን በዚያው ዕለትም ይሽከረከሩ ነበር። አርቢዎቹ ስምምነት ላይ እስኪደርሱ አንድ ዓመት ያህል አለፈ።

ወደ ካናዳ ልመለስና፣ በኖቬምበር 2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ ለተተዉት የላብራዶር ተማሪዎች ይቅርታ ሊጠይቁ እዚያው ድረስ ሄዱ። በላብራዶር ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኢኑ ሕዝብ መሪዎች ግን ይቅርታውን አንቀበልም አሉ፤ የሚያወራው ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ብቻ ነው፣ ልጆቻችን በሌሎች ተቋማት የደረሰባቸውን አልነካም ብለው። እኔ ልክ ነበሩ እላለሁ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፤ ደህና ሁኑ።