ከ50 በኋላ ለሚተጫጩ

ክቡራን እድርተኞች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፤

የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ የተፋታ፣ ሳያገባ የቆየም እዚህ አለ። “በዚህ ዕድሜ ምን ይሉኛል” የሚለውን እንለፈው፤ የሚሉ ይላሉ።

ለመተዋወቅ የጽዋ ማኅበርና እቁብ ይሻላል፤ ሰውየውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አይጠፋም። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ከሆነ ቶሎ በቪዲዮ ተያዩ። ካሜራው ሁልጊዜ “የተበላሸበት”፣ “የላክሁልሽ ስጦታ ጉምሩክ ተይዟል፣ ማስለቀቂያ ላኪ” የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን፤ የት እንደምትሄዱም ለአንድ ሰው ንገሩ።

ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን አብራችሁ ተመርመሩ። ውጤቱ ነጻ ቢልም ከ3 ወር በኋላ ይደገም፤ በቅርብ የተያዘ ሰው እስከዚያ ላይታይበት ይችላል። የወር አበባ ስለቆመ ኮንዶም አይቀርም። ቫዝሊን ግን ኮንዶሙን ይቀድደዋል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቫያግራ ቢጨምርበት የደም ግፊቱ ባንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ ለሐኪም ማፈር እዚህ ላይ አያዋጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ሰው የሚጣላው በቤት ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሚሠራበት በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ቤት የግል ነው። ኪራዩ ግን ከጋብቻ በኋላ የጋራ ይሆናል፤ ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ፍርድ ቤት ቆመው ነው። ሌላ ነገር ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል ጻፉ፦ ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ፣ በጽሑፍ፣ ከየወገኑ 2፣ በድምሩ 4 ምስክር ፈርሞበት። ከሠርጉ በኋላ በሁለታችሁ መካከል የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ሴት ከቀድሞው ጋብቻ በኋላ 180 ቀን መቆየት አለባት፤ እርጉዝ አለመሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበች ይቀርላታል። የ60 ዓመት ሴትም ብትሆን ሕጉ ዕድሜ አይለይም።

ሕጉ ባልና ሚስትን ያለ ኑዛዜ አያወራርስም። አንዱ ሲሞት የግል ቤቱ ለልጆቹ ያልፋል፣ የቀረው ሰው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ “እስክትሞት ትኑርበት” የሚል ኑዛዜ አድርጉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ይፈርሳል።

ልጆቻችሁ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከእናንተው አፍ ይስሙ።

እናመሰግናለን፤ አሁን ጥያቄ እንቀበላለን።