ክሊራንስ ያልወጣበት ቁልፍ

የተከበራችሁ የሥራ ክፍል ኃላፊዎች፣ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ! የሜክሲኮን መጨናነቅ ታግላችሁ ሰንጋ ተራ በሰዓቱ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። በእግር የመጡት ቀድመው እንደገቡ አይቻለሁ።

የማወራችሁ ስለ ሲስተም ፈቃድ ነው። ማን ምን ያያል፣ ማን ምን ይነካል።

በክሊራንስ ልጀምር። ድሮ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለቅ ወረቀቴን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። ንብረት ክፍል ላፕቶፑን ተረከበኝ። የመሳቢያ ቁልፍ መለስኩ። አንድ ካልኩሌተር ጠፍቶብኝ ነበር፣ ከፈልኩ። ማኅተም ተመታልኝና ወጣሁ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለ። ወሬ በወሬ ስንጫወት “ዩዘርህ እኮ አልተዘጋም፣ እኛ እየሠራንበት ነው” አለኝ። ደነገጥኩ። ካልኩሌተር ያስከፈሉኝ ሰዎች የደመወዝ መዝገቡን ቁልፍ ረስተውታል። እዚያ የሚነካው ሁሉ ደግሞ በእኔ ስም ይመዘገባል!

የዚህ መፍትሔው አዲስ አይደለም። ዴቪድ ፌራዮሎ እና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1992 ጽፈውታል። በ2004 የአገሪቱ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሥራ መደቡ ነው። ገንዘብ ያዥ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ታገኘዋለች፣ ስትነሳ እዚያው ትታው ትሄዳለች።

አዲስ ተቀጣሪ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዝውውር ነው። ከግዥ ወደ ሂሳብ የተዛወረ ሰው አዲሱን ፈቃድ በማግስቱ ይጠይቃል። የድሮውን ዝጉልኝ ብሎ የመጣ ግን እስካሁን አላየሁም። “ርክክብ አልጨረሰም፣ ለጊዜው ይቆይ” ይባላል። ለጊዜው የተባለው ዓመት ይደፍናል። ያ ሰው አሁን የግዥ ትዕዛዙን ራሱ ያስገባል፣ ክፍያውንም ራሱ ያጸድቃል። ካዝናችንን አስቡት። ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለት ሰው ይይዘዋል። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ስጡ ቢባል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ይፈርማል? ሲስተሙ ላይ ግን ሳንፈርም ሰጥተናል።

የእኛን የአይቲዎቹንም ጥፋት ልናገር። “አዲሷን ልጅ እንደ እሱ አድርግልኝ” የሚል ስልክ ይመጣል። እኔም የ“እሱን” ፈቃድ እንዳለ ገልብጬ እሰጣታለሁ። “እሱ” ግን ዘጠኝ ዓመት ሦስት ክፍል የዞረ ሰው ነው። ልጅቷ ገና ሁለተኛ ቀኗ ላይ የዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ትይዛለች። ይህን ደጋግሜ አድርጌዋለሁ።

ፓስወርድ መዋዋስም አለ። ኃላፊው ለስብሰባ ሲወጣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ኪቦርድ ሥር ያስቀምጣል። አልፈርድበትም፣ ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ግን ለፊርማ ውክልና እንጽፍ የለ? ሲስተሙም ውክልና ይቀበላል። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሉን፣ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይዘጋል። የሠራውም ሰው በገዛ ስሙ ይመዘገባል።

ሕጉን በአጭሩ፦ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትም ያስጠይቃል። ታዲያ የፈቃዱን ወሰን ራሳችን ካላወቅነው ማን አለፈ ልንል ነው?

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ “የእኔ ሠራተኛ ለየት ያለች ናት” እያላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው መደብ አታስፈጥሩን። ሁለት መቶ ሠራተኛ፣ ሁለት መቶ መደብ ከሆነ ዙረን ዙረን እዚያው ነን።

እኔ ስም ነው የማየው። ያ ሰው ዛሬ ምን እንደሚሠራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የየክፍላችሁን የተጠቃሚ ዝርዝር አትሜ በር ላይ አስቀምጫለሁ። እስክሪብቶም አለ። የማታውቁትን ስም፣ የተዛወረውን፣ የለቀቀውን ሰርዙልኝ። ከስሙ ጎን የማይገባው ፈቃድ ካለ አክብቡት። ቡናው እስኪቀዳ ይደርሳል። አመሰግናለሁ።