ጠማማ ያልሁት ጎን

የተከበራችሁ የእንጨት ሥራ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ አብራችሁኝ መላጊያ ይዛችሁ ያረጃችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን።

አስተባባሪዎቹ ስለ ዲዛይን ጥቂት እንድናገር ሲጋብዙኝ ስለ በርና ስለ ቁምሳጥን የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ዓመቱን ከሞላ ጎደል አሸዋ በሆነው በድሬዳዋው በደቻቱ ወንዝ ዳር ለምንኖር ለእኛ፣ ሰዎች በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው ስለሚንሸራተቱበት ሳንቃ፣ ሰርፍቦርድ ስለሚባለው ዕቃ ልናገር መጥቻለሁ። መሳቃችሁን አልከለክልም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ።

እንደምታውቁት፣ እንደ ብዙው የባቡር ከተማ ልጅ እኔም በወጣትነቴ ጅቡቲ ወርጄ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ከፈረንሳይዋ የባሕር ዳር ከተማ ከቢያሪትዝ አካባቢ የመጣ፣ በእኛ አጠራር ሙሴ የምንለው ፈረንጅ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ የእንጨት ሳንቃ በትከሻው ተሸክሞ ገባና ልክ እንደዚያው ያለ ሌላ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሳንቃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደምሁት፤ በመሐሉ ክር ወጠርሁና ግራና ቀኙን ለካሁ። የቀኙ ጎን ረዘም ብሎ የተቃና፣ የግራው ጎን ደግሞ አጠር ብሎ የጎበጠ ነበር፤ ጅራቱም እንደዚያው አጋድሏል። በልቤ በሠሪው ሳቅሁበት። ሙያ ያስተማሩኝ አባት ሁለት ጎኑ ያልተካከለ ነገር ከእጄ እንዲወጣ አይፈቅዱም ነበርና፣ አራት ቀን ሙሉ ላቤን አፍስሼ የዚያን ሰው ጥፋት አረምሁለት። ግራና ቀኙ እንደ መስተዋት ምስል የሚመሳሰል፣ ዝንብ የሚያንሸራትት ሳንቃ አወጣሁ። አሠሪዬም አመሰገነኝ።

ሙሴው በቀጠሮው መጣ። ሥራዬን በዓይኑ አላየውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን በመዳፉ ይዳስስ ጀመር። ሁለተኛው ጎን ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ተረከዜን የት አደረግኸው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሳንቃ ላይ ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ ዞሮ ይቆማል፤ ስለዚህ አንደኛው ጠርዝ በእግሩ ጣቶች በኩል፣ ሌላው በተረከዙ በኩል ይውላል። በጣቶቹ በኩል ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ እየታጠፉ ጫናውን በረቂቁ ይመጥኑለታል፤ በተረከዙ በኩል ግን ይህን ያህል መተጣጠፍ የለም። የተረከዙ ጎን አጥሮ የጎበጠው እንዲህ ያለው አካል ሳይቸገር በማዕበሉ ላይ እንዲዞርበት ነው። ካሊፎርኒያዊው ካርል ኤክስትሮም ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዲህ ጎንና ጎናቸው የማይመሳሰል ሳንቃዎችን ይሠራ ነበር። እኔ ጠማማ ያልሁት ጎን የሰውየው እግር ልክ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ዕቃ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ባለሦስት ክንፍ ሳንቃ (ክንፍ የምለው ከሥሩ ተተክሎ ውኃውን የሚይዘውን ስስ ቅጠል ነው) የአውስትራሊያዊው የሳይመን አንደርሰን ሥራ ነው። አንደርሰን ግዙፍ ሰው ስለነበረ ባለሁለት ክንፉ ሳንቃ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከሥሩ ሦስት ክንፍ ተከለበት፤ በማግሥቱም ዓመት በአውስትራሊያ በቤልስ ቢች በሚደረገው የማዕበል ሸርተቴ ውድድር አሸነፈበት። አንድ ግዙፍ ሰው ለራሱ ችግር ያበጀው ነገር ነው እንግዲህ ለቀጭኑም ለአጭሩም እየተባዛ የሚሸጠው! ከተለመደው ቅርጽ የወጣ ሳንቃ በእጃቸው የሚሠሩት ሰዎች ጠባቸው ከአንደርሰን ጋር አይደለም፤ የሚቆመውን ሰውና የሚቆምበትን ማዕበል ሳይጠይቅ ከሚያባዛው ጋር ነው።

የእኔም ጠብ ከዚሁ ጋር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በቅርቡ የወንበር ፎቶ በስልክ አሳይቶ ሃምሳ እንድደግምለት አዘዘኝ። የሚቀመጡበት ሕፃናት ናቸው ወይስ አዋቂዎች ብዬ ብጠይቅ፣ ተወካዩ «አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። ያገባኛል! መጋዝ የያዘ ሰው ይህ ካላገባው ማንን ያገባዋል? ያን ሥራ ትቼዋለሁ፤ ገንዘቡም ሳያስፈልገኝ ቀርቶ አይደለም።

በእጅ የተሠራ ሁሉ መልካም ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያበላሸሁት ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ የተሠራ ነበር።

ስለ ቁሱ ባጭሩ ልጥቀስ። በአሜሪካ አብዛኛው ሠሪ ሳንቃው የሚጠረብበትን የፎም፣ ማለት የደረቀ አረፋ፣ ጥሬ አካል የሚገዛው ክላርክ ፎም ከተባለ ከአንድ ፋብሪካ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ፋብሪካው በድንገት ሲዘጋ ብዙዎቹ ሌላ ቁስ ፍለጋ ወጡ። በአውስትራሊያ ደግሞ ቶም ዌጀነር፣ የጥንት የሃዋይ ሰዎች አላያ የሚሉትን ስስና ክንፍ አልባ ሳንቃ ከፓውሎኒያ እንጨት እየጠረበ መልሶ አስነሣው። የሚቀባውም በተልባ ዘይት ነው፤ ተልባን እኛ ለምን እንደምናውቀው ለድሬ ሰው አልነግርም።

ሙሴው ሒሳቡን ከፍሎ ሳንቃውን ለእኔ ተወልኝ። በባቡር ይዤው መጣሁ፤ እነሆ፣ ከፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለው እርሱ ነው፤ ባሕር ነክቶ አያውቅም። ተመራቂዎች አንድ በአንድ እየመጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠርዙን ዳስሱልኝ። አደራ፣ አትጫሩት፤ ባለቤቴ ሲኒዎቿን የምትደረድርበት መደርደሪያ ነውና እስከ ማታ ብቻ ነው የፈቀደችልኝ።