በአራት ቁልፍ ለያየኋቸው

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራው ስለ ጥፋቴ ነው። ሙዚቀኞች፣ ዳንሰኞች፣ ሠዓሊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች አብረው ለሚሠሩበት አንድ ፕሮጀክት ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። ሜኑው ላይ ብዙም አልተጨነቅኩም። «ሙዚቃ»፣ «ዳንስ»፣ «ሥዕል»፣ «ቴክኖሎጂ» ብዬ ደረደርኩት፤ አለቀ። ሳሳያቸው አንዲት ዳንሰኛ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ለመገናኘት ዓመት ሙሉ ለፋን፤ አንተ በአራት ቁልፍ ለያየኸን» አለችኝ። ምን ልመልስ?

እውነቷን ነው። ከሥራዎቻቸው አንዱ እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሙዚቃው የሚቀየርበት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕልም አብሮ የሚፈስበት ነበር። ይሄ የትኛው ቁልፍ ሥር ይግባ? ስለዚህ ሜኑውን አፈረስነው። አንድ ሥራ፣ አንድ ገጽ። ገጹ ላይ የሁሉም ሰው ስም ከነድርሻው ይሰፍራል። ስሙን ስትነኩት ሰውዬው ወደተሳተፈባቸው ሌሎች ሥራዎች ይወስዳችኋል። በሙያ መፈለግ ለሚሻ ደግሞ ጥግ ላይ ማጣሪያ አስቀመጥንለት።

ወደ ብራንዱ ልምጣ። የመጀመሪያው ጠብ ሁሌም ሎጎ ነው። ሙዚቀኛው ኖታ ይግባበት ይላል፤ ሠዓሊዋ ብሩሽ። ሁሉንም እናስደስት ሲባል ሎጎው ዕቃ ቤት ይመስላል። እኔ ቁርጥ ያለ ሥዕል ከመሳል ይልቅ ሎጎው እንዴት እንደሚለዋወጥ ደንብ አውጡ ባይ ነኝ። የኒውዮርኩ ዊትኒ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን መለያ ተመልከቱ። ደብልዩ (W) ፊደልን የሚሠራ አንድ ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ እንደ ቦታው ይለጠጣል፣ ይጠባል። አጠገቡ ማንም ሥራ ቢቀመጥ አይጋፋውም።

ደንቡም ግን ልክ አለው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል፣ ሚዲያ ላብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 40,000 የሚጠጋ መልክ ሊይዝ የሚችል መለያ አወጣ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እንዲይዝ ታስቦ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። በ2014 ግን በሌላ ተተካ። አዲሱ ከ7 በ7 የካሬ መረብ የሚወጣ ነው። የምርምር ቡድኖቹ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ዘመዳማች መሆናቸው ግን ያስታውቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። 40,000 መልክ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ማን ይለየዋል?

ስለ ፎንት ብዙ አልልም፤ ሁለት ይበቃል። (በጀርመኑ የንድፍ ትምህርት ቤት በባውሃውስ የነበረው ኸርበርት ባየር እ.ኤ.አ. በ1925 ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት ትቶ በትንንሾቹ ብቻ የሚጻፍ ፊደል ነድፎ ነበር። እኛ ትልቅና ትንሽ የሌለው ፊደል ስላለን ከዚህ ጣጣ ተገላግለናል።) ግራጫ ጽሑፍ ግራጫ መደብ ላይ አትጻፉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብሩህነት ልዩነት ይጠይቃል። ቪዲዮም ሰው ሳይነካው አይጀምር።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል። የዶሜይን (የዌብሳይቱ አድራሻ) ክፍያ ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ማን ይከፍላል? ፓስወርዱስ ማን ጋ ነው? ሎጎው ላይ ከመጣላታችሁ በፊት ይህን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ዝግጅቱን ያላየ ሰው በኋላ የሚያገኘው ገጹን ብቻ ነው።

ያን ባለ አራት ቁልፍ ሜኑ አልጣልኩትም። ከዕረፍት በኋላ አሳያችኋለሁ፤ እንደልባችሁ ሳቁብኝ።