እንግዶች ሆነን እንሂድ፦ ወደ ወላይታ ለሚነሣው የአገልግሎት ቡድን በሽኝት ዕለት የተደረገ ንግግር

የተወደድክ መጋቢያችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም በሚመጣው ሳምንት ከዋሽንግተን ወደ ወላይታ የምትነሡ የቡድናችን አባላት፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ሽማግሌዎች ይህን ሰዓት የሰጡኝ በሙያዬ ነርስ በመሆኔና የጤናውን ክፍል እንዳስተባብር ስለተመደብኩ ነው። ዛሬ እንድናመሰግንና እንድንጸልይ ተሰብስበናል፤ ከዚያ በፊት ግን ወዴት፣ ለምንና በምን ሁኔታ እንደምንሄድ በግልጽ መነጋገር አለብን።

የምንሄደው ለዝሆኔ ሕሙማን ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በገበያ መንገድ ላይ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ስናይ፣ ትልልቆቹ እጃችንን ይዘው ራቅ አድርገው ያሳልፉን ነበር። ይጋባል ተብሎ ይፈራ ነበር። እርግማን ነው ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚል አለ። ሁለቱም ሐሰት ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ በቆላው አለ፤ በወላይታ የምናገኘው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ ከትንኝም ሆነ ከሰው አይመጣም። መነሻው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ሰው ዓመታትን በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ገበያ ሲመላለስ ቅንጣቶቹ በቆዳው በኩል ገብተው ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይደፈናሉ፣ ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፣ እግር ያብጣል።

በአንድ ማሳ ላይ አብረው ካደጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በበሽታው የመያዝ ዕድል በዘር እንደሚወረስ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ምክንያት «የተረገመ ዘር» ተብሎ ስንት ልጃገረድ ሳታገባ እንደቀረች አስቡት። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ስለሚታይ ሰው እርግማን አለው፤ እውነቱ ግን የውርስና የአፈር ጉዳይ ነው፤ ጫማ ደግሞ ይከላከለዋል።

በኢትዮጵያ ከሕመሙ ጋር የሚኖረው ሕዝብ ወደ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወላይታ የተደረገ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጠው ታማሚ መሆኑን አግኝቷል። ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ታማሚ በዓመት ውስጥ ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል። ገበሬ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፣ እግሩ እንደ እሳት ይነድዳል፣ ለቀናት ከመደቡ አይወርድም፤ ያ ሳምንት የመዝሪያ ሳምንት ከሆነ ዘሩ ያልፈዋል።

ሕክምናውስ? እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር እወዳለሁ፤ ጉዞአችንን የሚወስነው ይህ ነውና። ባለፈው ጊዜ ከቡድኑ ጋር በሄድንበት የጤና ጣቢያ አንዲት የእግር እንክብካቤ ሠራተኛ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። እርሷ ራሷ የቀድሞ ታማሚ ናት። ከፊቷ አንዲት እናት በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሠራተኛዋ በፕላስቲክ ሳፋ ንጹሕ ውኃ ቀዳች፣ እግሩን በሳሙና ከጉልበት ጀምራ አጠበች፣ ከዚያ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ዘፈዘፈችው። ሲበቃ አወጣችና ማድረቅ ጀመረች። እጥፋቱን በአንድ እጇ ገለጥ እያደረገች፣ በሌላው በጨርቅ ጫፍ በጣቶቹ መካከል እየገባች፣ አንዷንም ጣት ሳትዘል አደረቀች። እርጥበት በቀረበት ቦታ ቁስል እንደሚጀምር ታውቃለች። ከዚያ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከእናትየዋ ጋር በወላይትኛ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በየቀኑ ራሳቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሕክምናው በመሠረቱ ይኸው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ይህን ቀላል እንክብካቤ ያገኙ ሕሙማን የሚነሣባቸው ትኩሳትና ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ መቀነሱን አረጋግጧል። ግን ልብ በሉ፦ የሚጠቅመው በየቀኑ ሲደረግ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት አጥበን የምንመጣው እግር በሦስተኛው ሳምንት የሚያስታውሰው ከሌለ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዋና ሰዎች እኛ አይደለንም። ዋናዎቹ ያቺ ሠራተኛና ባልደረቦቿ ናቸው። ናታን ባርሎው የተባለው አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም በ1998 እ.ኤ.አ. በወላይታ ዋና ከተማ በሶዶ ይህን ሥራ ሲጀምር ትልቁ ጥበቡ ሕሙማኑን ራሳቸውን ማሠልጠኑ ነበር። እርሱ ካለፈ በኋላም ሥራው ያልቆመው ስለዚህ ነው።

የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ልጆቻችን ሳያውቁት እንዳይሄዱ እፈልጋለሁ። ኤስ.አይ.ኤም. (ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን) የተባለው የወንጌል ድርጅት ሚስዮናውያን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በ1937 እ.ኤ.አ. ከወላይታ ሲያስወጣቸው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በእጃቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበረም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት በአደባባይ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ያገኙት ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ምእመን ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያደገችው የውጭ ሰው በሌለበት፣ በገዛ ልጆቿ እጅ ነው። እንዲህ ወዳለ ሕዝብ ዘንድ «ልናስተምር» ስንሄድ ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ይገባናል።

እዚህ ላይ የእኛን የልዩ ሁኔታችንን ፈተና ልንገራችሁ። አሜሪካውያን ወንድሞቻችን ወደ ውጭ ሲሄዱ እንግዳ መሆናቸውን ያውቃሉ። እኛ ግን አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ «አገራችን ገባን» እንላለን፤ እንባችንም ይመጣል፤ ትክክልም ነው። ችግሩ አገሬ ነው ብለን ስንገባ የሰውን ቤት እንደ ቤታችን ማዘዝ መጀመራችን ነው። አብዛኛዎቻችን ወላይታን አናውቅም። በገጠሩ ያሉ አረጋውያን የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ጮክ ብለን ብንደጋግምላቸው አይሰሙንም። አስተርጓሚዎቻችንን ከዚያው ቤተ ክርስቲያን አግኝተናል፤ ንግግራችንን አጭር አድርገን በእነርሱ በኩል እንናገር፣ ሰላምታውን ግን «ሳሮ» ብለን ራሳችን እንስጥ። የአገራችን ሰው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል። የጤና ጣቢያውን አሠራር በሄድንበት ዕለት ለመለወጥ መነሣት ባለቤቱን መናቅ ነው።

አሁን አስተናጋጆቻችን ወደ ላኩልን ደብዳቤ ልምጣ። ምን እንድናመጣ ጠይቀናቸው ነበር፤ የመለሱልን ፋሻ፣ ሳሙናና ቅባት በዓመቱ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚገዛበት ገንዘብ፣ እንዲሁም ለሠራተኞቻቸው ስለ ቁስል አያያዝ ተጨማሪ ሥልጠና ነው። ያገለገለ ጫማ አልጠየቁም። ስለዚህ በሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ አትክተቱ። ያበጠ እግር በሱቅ የተገዛ ጫማ አይገባበትም፤ በልኩ መሰፋት አለበት፤ የሚሰፉትም ሶዶ ውስጥ አሉ። ጫማ ሰፊው ሲሠራ ቤተሰቡ ይበላል፣ ታማሚውም የሚሆነውን ያገኛል። ሃያ ሦስት ኪሎ ያላቸውን ሁለት ሻንጣዎች በዚህ በኩል የተከማቸ ልብስ ለማራገፍ የምንጠቀምባቸው ከሆነ ጉዞው የእኛ የጓዳ ጽዳት ይሆናል። መድኃኒትም ቢሆን ያለ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይገባም፤ የጤና ባለሙያዎቻችንም ያለ ጤና ቢሮው ፈቃድ አንዲት ቁስል አይነኩም። ይህን ሁሉ ከወራት በፊት የጨረሱልንን የቢሮ ሠራተኞች በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ፎቶግራፍን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፦ የማንንም እግር አታንሡ። ሰውየው ለዓመታት ከሰው ዐይን የሸሸገውን እግር ለሕክምና ብሎ በፊታችሁ ሲገልጥ፣ ያ እምነት ነው። ምስሉ ወደ ማኅበራዊ ገጽ ከወጣ እምነቱን ሸጥነው ማለት ነው። ገንዘብ በየመንገዱ መስጠትም ይቅር፤ ልባችሁ ከተነካ ለአስተናጋጆቻችን ኮሚቴ አስረክቡ፣ ማን የባሰ እንደተቸገረ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ስለ ስብከትም ልናገር፤ የወንጌል ቡድን ነንና ጥያቄው ይነሣል። ወደ ጣቢያው የሚመጡት ኦርቶዶክሶች፣ ወንጌላውያን፣ ሙስሊሞችም ናቸው። እግር ለማጠብ የማንንም ሃይማኖት አንጠይቅም፣ ማንንም ቁጭ አድርገን ስብከት ካልሰማህ ሳሙና የለም አንልም። ጌታችን በዚያች ሌሊት ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ሲጎነበስ የአሳልፎ ሰጪውንም እግር አጥቧል። የሚጠይቀን ሰው ካለ የተስፋችንን ምክንያት በደስታ እንናገራለን፤ የሚሰብኩ ግን እዚያው የሚኖሩ፣ ነገም ጥያቄውን የሚመልሱ የአጥቢያው አገልጋዮች ይሁኑ። በዚህ ጉዳይ ላይ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ ጋር እንደማትስማሙ አውቃለሁ። እኔ ግን በሕመም ላይ ያለ ሰው ፊት ለፊት እንቢ ሊለን እንደማይችል ስለማውቅ፣ አቅም የሌለውን ሰው በዚያ ሰዓት መጫን ወንጌልን ያሳንሳል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው እሑድ ከስብሰባው በኋላ አንድ ወንድም «ለእያንዳንዱ ትኬት ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ከምናወጣ ለምን ገንዘቡን ብቻ አንልክም?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅን ጥያቄ ነው፣ በዚህ መድረክ ሊመለስም ይገባዋል። ማንም ያልጠየቀንን ሥራ ልንሠራ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን መላክ ይሻል ነበር። ቀለም ያልጠየቀን ትምህርት ቤት ቀለም ለመቀባት ውቅያኖስ አንሻገርም፤ ሶዶ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ቀለም ቀቢ አለ። የምንሄደው የተጠየቀ ሥልጠና ለመስጠት ነው፤ ከቡድናችን ሦስቱ በቁስል ሕክምና የዓመታት ልምድ ያላቸው ናቸው፣ የሚያሠለጥኑትም ሕሙማኑን በየሳምንቱ የሚያዩትን ነው። ሽማግሌዎችም ከዚሁ ጥያቄ ተነሥተው አንድ ውሳኔ ወስነዋል፦ ለትኬት በወጣው ልክ እኩል ገንዘብ ለጣቢያው የዓመት ፋሻና ሳሙና ይላካል። የሚቀጥለው ቡድን መሄድ አለመሄዱንም የሚወስኑት አስተናጋጆቻችን ይሆናሉ። «በዚህ ዓመት አትምጡ፣ ፋሻውን ብቻ ላኩ» ካሉን ፋሻውን እንልካለን።

እናንተ እዚህ አገር የተወለዳችሁ ልጆቻችን፣ ለእናንተ ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። አማርኛችሁ ቢሰናከል አትፈሩ፤ ወላይታ ላይ የወላጆቻችሁም አማርኛ ሁሉን አያደርስም። ውኃ ትቀዳላችሁ፣ ሳፋ ታጥባላችሁ፣ ፋሻ ትጠቀልላላችሁ፣ የሠራተኞቹን መዝገብ በኮምፒውተር ትገለብጣላችሁ። ከዚያ በላይ ግን ከአረጋውያኑ ጋር ቁጭ በሉ። ዳጣ በቆጮ ሲቀርብላችሁ ብሉ፣ ሲያቃጥላችሁ ሳቁ፤ እነርሱም ይስቃሉ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለውን ያን ቀይ አፈር በእጃችሁ ያዙት፤ እህል የሚያበቅለውና እግር የሚያሳብጠው አንድ አፈር ነው፣ ሕዝቡም ከእርሱ ጋር ነው የሚኖረው።

ለምትቀሩትም ሥራ አለ። ነርሶችና ሐኪሞች የሆንን የሥልጠናውን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅተን ጨርሰናል፤ ወደ ወላይትኛ የሚመልሱት እዚያው ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፣ በሥዕል የሚደገፈውን ክፍል ግን እስከ ረቡዕ መጨረስ አለብን፤ የምትስሉ ከስብሰባው በኋላ በመግቢያው በር አጠገብ አግኙኝ። የገንዘብ ያዡ ጠረጴዛም እዚያው ነው። ለጸሎት ቡድኖች የሕሙማን ስም አንሰጥም፤ ስማቸው የእነርሱ ነው። ለሠራተኞቹ ብርታት፣ ለዝናቡ ልክ፣ ለመንገዱ ደኅንነት ጸልዩ።

አሁን የቡድኑ አባላት ወደ ፊት ውጡ። ሽማግሌዎቻችን፣ እጃችሁን ጭናችሁ ጸልዩላቸው።