መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ሞክሩት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ባለ ድርብ መስታወት በርና መስኮት ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አለቀና ብዙ ጥያቄ እጄ ላይ ቀረ። አንዳንዱንም በጥድፊያ ነበር የመለስኩት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ላስቀድም። የደወለው ሁሉ ማለት ይቻላል «ቁልፉ ተበላሸብኝ» ነው የሚለው። እኔ እስካየሁት ግን ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም። በሩ ነው የወረደው፣ ወይ የተለጠጠው፣ ወይ የጠመመው። ቁልፉ የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ ይወቀሳል፣ ይቀየራል፣ ብር ይወጣል፣ ከዚያ በወሩ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

«ከደሴ፣ ከሆጤ ነው የምደውለው። የፒቪሲ (የፕላስቲክ) በራችን ጠዋት ደህና ይቆለፋል። ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ግን እጀታው ወደ ላይ አልነሳ ይላል፣ ቁልፉም አይዞርም። የመጣው ባለሙያ ሙሉ ቁልፉ ይቀየር አለ። እንቀይረው?»

እትዬ፣ ቆዩ፣ አይቀይሩ። መጀመሪያ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት። እዚያው ክፍት እንዳለ እጀታውን ወደ ላይ ያንሱት፣ ቁልፉንም ያዙሩት። ያለ ትግል ከሠራ ቁልፉ ጤነኛ ነው። ችግሩ በሩ ሲዘጋ ከጠርዙ የሚወጡት የቁልፉ መንጠቆዎች ፍሬሙ ላይ ካለው መቀበያቸው ጋር አለመገናኘታቸው ነው። ክፍት ሆኖም ካንገራገረ ያን ጊዜ ቁልፉን እንጠርጥረው። ይቺ ሙከራ አንድ ደቂቃ አትፈጅም፣ መፍቻም አትፈልግም። ባለሙያው ይህን ሳይሞክር «ይቀየር» ካለ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

የእርስዎ መልስ ግን ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ጠዋት የሚታዘዝ፣ ከሰዓት የሚያምፅ በር የሙቀት ጉዳይ ነው። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ0.06 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል። ትንሽ ይመስላል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል ማለት ነው። በመንጠቆውና በመቀበያው መካከል ያለው ትርፍ ክፍተት ደግሞ ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። (አልሙኒየም የዚህን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚለጠጠው።) የደሴን ጠባይ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ፣ ከቀትር በኋላ አናት የሚበሳ ፀሐይ። በሩ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠና ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ከነጩ ይበልጥ ይግላል። በዚያ ላይ የውጪው ፊቱ ሲግል የውስጡ ቀዝቃዛ ስለሚሆን እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ምን ይደረግ? የመንጠቆዎቹን ጫፍ ጠመኔ ወይም የከንፈር ቀለም ይቀቡ። በሩን ዘግተው እጀታውን በቀስታ ይሞክሩና መልሰው ይክፈቱት። ምልክቱ መቀበያው ላይ የት እንዳረፈ ይታያል። ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል፣ ጎን ካረፈ ወደ ጎን ሄዷል። ከዚያ ማጠፊያዎቹ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ሲያነሱ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብሎን ያገኛሉ። በኤል ቅርጽ መፍቻ፣ ብዙ ጊዜ በ4 ወይም በ5 ቁጥሩ፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ መሞከር ነው። ሦስት ማጠፊያ ካለው ሦስቱንም እኩል። አንዱን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው በሩን ያጣምመዋል። ማስተካከያው ችግሩ በሚታይበት ሰዓት፣ በፀሐይ ይሠራ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በብርዱ ይፈተሽ።

ማጠፊያው የቻለውን ያህል ተነስቶም በሩ ወርዶ ከቀረ ጉዳዩ መስታወቱ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ነው የብዙ ገጣጣሚ ጉድ የሚወጣው። የፒቪሲ በር ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መስታወቱ ነው። መስታወቱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ባለ 4 ሚሊ ሁለት መስታወት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሲገጠም በማጠፊያው በኩል ከታች ጥግ፣ በእጀታው በኩል ደግሞ ከላይ ጥግ፣ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ድጋፍ ይገባል። ክብደቱ በሰያፍ ወደ ማጠፊያው ይወርዳል፣ የእጀታው ጎንም ሳይወርድ ተይዞ ይቀራል። ድጋፉ ካልገባ ወይም ከተንሸራተተ በሩ በእጀታው በኩል ይዘምማል። ማስተካከሉ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀጭን ፕላስቲክ አውጥቶ ድጋፉን እንደገና ማስገባት ነው። አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። ግን ሰው ይያዝልዎ፣ ጓንትም ያድርጉ።

እስከዚያው ድረስ እጀታውን በኃይል አያንሱት፣ ልጆቹንም ይምከሩልኝ። ጤነኛው ቁልፍ የሚሞተው እንዲህ ነው።

«እዚህ ኮምቦልቻ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በጎን ወደ ውስጥም የሚከፈት፣ ከላይ ብቻም የሚዘነበል መስኮቴ በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ቀረ። አይዘጋም፣ አይከፈትም። ይወድቃል ብዬ ፈራሁ።»

አብሽር ወንድሜ፣ አልተሰበረም። የዚህ መስኮት እጀታ ሦስት ቦታ አለው፤ ወደ ታች ዝግ፣ አግድም በጎን ክፍት፣ ወደ ላይ ደግሞ ከላይ ዘንበል። መስኮቱ በጎን ተከፍቶ እያለ አንድ ሰው እጀታውን ወደ ላይ ካዞረው በማጠፊያው በኩል ያለው የላይኛው ጥግ ይለቃል፤ ያኔ መስኮቱ በታችኛው ማጠፊያና ከላይ ባለው ረጅም ክንድ ብቻ ተይዞ ይቀራል። አያያዙ ያስፈራል እንጂ እነዚያ ሁለቱ ይዘውታል። ቢሆንም ከታች ሰው እንዳይቆም አድርግ፣ አንድ ሰው ደግሞ መስኮቱን ይደግፍልህ።

አሁን የለቀቀውን የላይኛውን ጥግ ወደ ፍሬሙ ግፋና አስጠጋው። በእጀታው በኩል ባለው የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ብረት ምላስ ታያለህ፣ እሱን በጣትህ ተጫን። እንደተጫንክ እጀታውን ወደ አግድም መልሰው። ክንዱ ገጭ ብሎ ቦታው ሲገባ ትሰማዋለህ። ከዚያ መስኮቱን ዝጋ፣ እጀታውን ወደ ታች። በቃ። ምላሷ እጀታው በስህተት እንዳይዞር የተሠራች ናት፤ እሷ ላልታ ወይም ወልቃ ከሆነ ነው ይህ የሚደጋገመው።

«እጀታው ልል ብሎ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቀራል።»

መወዛወዝና መንጠልጠል ሁለት በሽታ ናቸው። ከተወዛወዘ ብሎኑ ላልቷል። የመስኮት እጀታ ብሎኖች ከሥሩ ባለው ሽፋን ተደብቀዋል፤ ሽፋኑን በጥፍር ትንሽ አንስታችሁ ወደ ጎን አዙሩት፣ ሁለት ብሎን ታያላችሁ፣ በካቻቢቴ አጥብቁ። የበር እጀታ ከተንጠለጠለ ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ስፕሪንግ ተሰብሯል ማለት ነው፣ እጀታው ይቀየር። የብዙዎቹ የመስኮት እጀታዎች የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት 43 ሚሊ ሜትር፣ ከእጀታው ወደ ውስጥ የሚገባው አራት ማዕዘን ዘንግ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የበር ዘንግ 8 ነው። የዘንጉ ርዝመት ግን ይለያያል፤ አሮጌውን ኪሳችሁ ከታችሁ ሂዱ እንጂ «ለፒቪሲ የሚሆን ስጠኝ» ብላችሁ አትግዙ። አጭር ዘንግ ለጥቂት ቀን ይሠራና ውስጡን ይበላዋል።

«ቁልፉ ሲገባ ይጠነክራል። የምግብ ዘይት ጠብ አድርጌበት ነበር፣ ለጥቂት ቀን ተሻለው፣ አሁን ባሰበት።» (ፒያሳ፣ ሱቅ ያላቸው ጋሼ)

ጋሼ፣ እሱ ዘይት የወጥ ነው። ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሙጫ ሆኗል። ግራሶም ሲሊንደር (ቁልፉ የሚሰካበት ክፍል) ውስጥ አይግባ። ለሲሊንደር የሚሻለው ደረቅ ነገር ነው፣ የግራፋይት ዱቄት። ከጠፋ የልጅ እርሳስ አይጠፋም፤ እርሳስ የሚጽፈው በግራፋይት ስለሆነ የቁልፉን ጥርሶች በደንብ አጥቁረው አሥር ጊዜ ያስገቡ ያስወጡ። ዘይትና ግራሶ የሚገባው መንጠቆዎቹና የበሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ተንሸራታች ብረቶች ላይ ነው፣ እሱም ትንሽ።

ይህ ካልረዳ ሲሊንደሩ ብቻ ይቀየር፤ ይህን ራስዎ ይችሉታል። በበሩ ጠርዝ፣ በቁልፉ ትክክል፣ አንድ ረጅም ብሎን አለ፣ ይፍቱት። ቁልፉን አስገብተው ጥቂት ብቻ ዘወር ያድርጉት፣ መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ከአካሉ ጋር ሲስተካከል ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ሲገዙ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ሁለቱ ጫፍ ለየብቻ ይለኩ፤ 30 በ30፣ 30 በ40 እያለ ይሄዳል። ከውጪ ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጥቶ የሚታይ አይግዙ፣ ለሌባ መያዣ ነው።

ሌላም አድማጭ ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮበት ደውሎ ነበር። ስባሪው ቁልፍ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከቆመ በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ጥርሱን አስይዞ መሳብ ነው። በሙጫ እጎትተዋለሁ የሚለው ጨዋታ ግን ሲሊንደሩን ቀብሮታል፣ አትሞክሩት።

«በ2014ቱ ጦርነት ደሴን ለቀን ሄደን ስንመለስ በሩ በኃይል ተከፍቶ ጠበቀን። ያኔ እንደምንም በሽቦም በምስማርም ዘጋነው። አሁን በደንብ ማሠራት እፈልጋለሁ። በሩ ይጣል ወይስ ይጠገናል?»

ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ነው። እናቴ ቤትም እንደዚያው ነበር። ብዙ ጊዜ በሩ አይጣልም። ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ ፍሬሙ ጥጎቹ ላይ ተሰንጥቋል? የፒቪሲ ጥግ በሙቀት የተበየደ ነው፣ ከተሰነጠቀ በሙጫ ዕድሜ አያገኝም፣ ያ ወገን ይቀየራል። ጥጎቹ ደህና ከሆኑ ተስፋ አለ። ሁለተኛ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው የቁልፉ ብረት ጎብጧል? በመዶሻ የተቃና ብረት ተመልሶ አይንሸራተትም፣ ይቀየር። ሲገዛ ከበሩ ጠርዝ እስከ ቁልፉ መሃል፣ ከቁልፉ መሃል እስከ እጀታው መሃል ይለካል፤ ሁለተኛው ልኬት ብዙ ጊዜ 92 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ሚሊ ብትሳሳት አይገጥምም። ሦስተኛ፣ መቀበያዎቹን የያዙት ብሎኖች ፕላስቲኩን ብቻ ነክሰው ነበር ወይስ ውስጡ ያለውን የብረት አጥንት? ሲገነጠል ያየሁት አብዛኛው ፕላስቲኩን ብቻ የነከሰ ነው። ረዘም ያለ ብሎን እስከ ብረቱ ይግባ፣ ፍሬሙም ከግድግዳው ጋር በግምት ሳይሆን በትክክል ይታሰር።

ሲሊንደሩ ቢሠራም ይቀየር። የድሮው ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለ አይታወቅም።

«መስኮቱ ዝግ ነው፣ እጀታው ግን ወዲያ ወዲህ በባዶ ይዞራል።»

እጀታውን ፍታውና ዘንጉን በፒንሳ ይዘህ አዙረው። ከከፈተ ጥፋቱ የእጀታው ነው። ዘንጉም በባዶ ከዞረ ውስጡ ያለው ሳጥን ተሰብሯል፣ ይህ ለባለሙያ ነው። መስታወቱን አትስበሩ! በየዓመቱ አንድ ሰው ይሰብራል።

«በሁለቱ መስታወት መሃል ጉም ይታየናል። ቁልፉ በደንብ ስላልዘጋ ነው?»

አይደለም። የመስታወቱ ዙሪያ ማሸጊያ ለቅቋል፣ እርጥበት ገብቷል። መስታወቱ ብቻ ይቀየራል፣ ፍሬሙም ቁልፉም ይቀመጣል።

«ሦስት ዓመት ያለው ልጄ ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ተወው። ከውጪ በመለዋወጫው ልከፍት ብል አልገባም አለ።»

ይህ ያስደነግጣል። ተራ ሲሊንደር ከውስጥ ቁልፍ ከተሰካበት ከውጪ አይከፈትም። በሁለቱም በኩል ቁልፍ ቢኖር የሚከፍት ሲሊንደር አለ፤ ትንሽ ልጅ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ያለበት ቤት እሱን ጠይቁ። ብዙ ሰው ለልጁ ፈርቶ ሌሊት ቆልፎ ቁልፉን አውጥቶ ይደብቃል። እሳት ቢነሳ በጨለማ ቁልፍ ፍለጋ ነው። ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ አዋቂው ሁሉ የሚያውቀው ምስማር ላይ ይንጠልጠል።

«ኮምቦልቻ፣ ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነን። ተንሸራታቹ የአልሙኒየም መስኮት ተገፍቶ አይሄድም፣ መንጠቆውም ቀዳዳው ጋር አይደርስም።»

እህቴ፣ አቧራው ነው። ሐዲዱን በብሩሽና በውሃ እጠቢ፣ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም በሽቦ ክፈቺ፣ አለዚያ ክረምት ላይ ውሃው ወደ ቤት ነው የሚገባው። ሐዲዱ ላይ ዘይት አታፍሺ። ከዚያ መስኮቱ ጎን ከታች በኩል ያለችውን ብሎን አዙሪ፤ መንኮራኩሩን ከፍና ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት፣ ሁለቱም ጎን አላት። መስኮቱ ሲነሳ መንጠቆው ራሱ ቀዳዳውን ያገኛል። መንኮራኩሩ ከተበላ ግን ብሎኗ አታነሳውም። መስኮቱን ወደ ላይ አንስታችሁ ከሐዲዱ አውጡትና አሮጌውን መንኮራኩር ይዘሽ ገበያ ውጪ። ማውጣቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ ብቻሽን እንዳትሞክሪው።