አሉማን ከዘር ማብቀል

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ አሉማ ነው የማወራችሁ፣ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ተክል፣ አዎ ያ ማንም ሳይዘራው ማሳ ዳር የሚበቅለው፣ ብዙ ሰው አረም ነው ብሎ ነቅሎ የሚጥለው። እኔ ግን ከዘር ነው የማበቅለው፣ በጣም ነው የምወደው።

እና ሁሌ የሚጠይቁኝ ምንድነው፣ በራሱ ጊዜ የሚበቅል ነገር እኛ ስንዘራው ለምን እምቢ ይላል? ቆይ እስቲ አስቡት፣ አንድ ትልቅ አሉማ ከ100,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፣ ከዛ ሁሉ ጥቂቱ ቢበቅል ይበቃዋል። እኛ ግን አንድ ቁንጥር በትነን ሁሉም እንዲወጣልን ነው የምንፈልገው። ስለዚህ እንክብካቤ ይፈልጋል ማለት ነው።

ዘሩ ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በደንብ ከተነፈሳችሁበት ሄደ በቃ። ለዛ ነው ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ የምበትነው፣ አንድ ቦታ እንዳይከመር። አፈር ደግሞ በስሱ ነው የምነሰንስበት፣ ዘሯ የያዘችው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረች ብርሃን ሳታገኝ ስንቋ ያልቃል። ውሃውም በስፕሬይ ይሁን፣ በጆግ ካፈሰሳችሁበት ጠርጎት ነው የሚሄደው። ሙቀት ይወዳል፣ አፈሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፣ ከቀዘቀዘ ግን ዝም ነው የሚለው።

ተጠጋግቶ ሲወጣ አሳሱት፣ የምታነሱት ችግኝ ራሱ ይበላል። ከዛ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ነገር፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን ቀንጥሱት። ከቀነጠሳችሁበት በታች፣ ቅጠሉና ግንዱ የሚገናኙበት ጋ፣ ትንንሽ እምቡጥ ታያላችሁ፣ እነሱ ናቸው አዲስ ቅርንጫፍ የሚሆኑት፣ በቀነጠሳችሁት ቁጥር ይሰፋል። ካልተቀነጠሰ ግን ሽቅብ ሄዶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይጠነክራል።

ስትበሉት ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት፣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለው፣ በተለይ የኩላሊት ጠጠር ያለባችሁ ሰዎች ሐኪም ጠይቁ።

አንዱን ተክል ግን ለዘር ተዉት። አበባውን በእጃችሁ ስታሹት ጥቁር ፍሬ ከረገፈ ደርሷል፣ ቆርጣችሁ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቁት፣ ከዘገያችሁ መሬት ላይ ይረግፋል።

በሉ፣ ቻው።